ተደጋግመው የሚያገለግሉ ክፍለ ቅጾች በጃቫ የድረ ገጽ ማዕቀፍ፦ የጋብቻ ምዝገባ ቅጽን መነሻ ያደረገ ንድፍ

አጽሕሮተ ጥናት

በመንግሥት አገልግሎት ቅጾች ላይ የሰው ስም፣ ቀንና አድራሻ በተደጋጋሚ ይጠየቃሉ። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ሦስት መረጃዎች በአፓቼ ዊኬት ማዕቀፍ አንድ ጊዜ ተሠርተው በብዙ ቅጾች የሚያገለግሉበትን ንድፍ ያቀርባል። ለማሳያነት የተወሰደው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች ዘንድ የተለመደው የጋብቻ ምዝገባ ነው። ጽሑፉ ሦስት ነጥቦችን ያብራራል። የመጀመሪያው በቅጽ ሂደት ውስጥ የተቀናጀ ክፍል ዋጋውን ከልጆቹ የሚወስድበት ትክክለኛ ጊዜ ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርና የግእዝ ፊደል በክፍሉ ውስጥ የሚያስከትሉት ጥያቄ ነው። ሦስተኛው ክፍሉ ሊያውቀው የሚገባውና የማይገባው ሕግ የሚለይበት ድንበር ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ክፍለ ቅጽ፣ ጃቫ፣ ዊኬት፣ ወሳኝ ኩነት፣ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር

1. መግቢያ

በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአየር ጤና፣ በቤቴል ወይም በዘነበወርቅ የሚኖር ሰው ጋብቻውን ለማስመዝገብ፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ወይም መታወቂያውን ለማደስ ወደ ወረዳው ሲሄድ የሚሞላቸው ቅጾች ርዕሳቸው ይለያይ እንጂ የሚጠይቁት በአብዛኛው አንድ ነው፤ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የልደት ቀን፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍችንና ሞትን በመዝገብ እንዲሰፍሩ ካዘዘ በኋላ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እየተከናወነ ይገኛል። አራቱ ኩነቶች የተለያዩ ቢሆኑም ባለቤታቸው ሰው ስለሆነ፣ የሰው ስምና የልደት ቀን የሌለበት ቅጽ የለም።

ሶፍትዌር ሠሪው ይህን ድግግሞሽ የሚያስተናግድበት መንገድ በነዋሪው ሕይወት ላይ ውጤት አለው። በልደት ምስክር ወረቀቱ «ኃይሉ»፣ በጋብቻ ምስክር ወረቀቱ «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈ ሰው ሁለቱም እርሱ መሆኑን እንዲያስረዳ ሊጠየቅ ይችላል። የልደት ቀኑ በአንድ ቅጽ በኢትዮጵያ፣ በሌላው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ተሞልቶ መካከላቸው የአንድ ቀን ልዩነት ከተገኘ እንደዚሁ። እንዲህ ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመነጨው መዝጋቢው ከሠራው ስሕተት ሳይሆን አንዱ ቅጽ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ከመሠራቱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «ክፍለ ቅጽ» ሲባል በድረ ገጽ ፕሮግራም አሠራር ፎርም ኮምፖነንት የሚባለውን፣ ማለትም ከተጠቃሚው ግቤት ተቀብሎ የሚፈትሽ፣ የሚቀይርና ለሞዴሉ የሚያስረክብ ራሱን የቻለ አሃድ ነው። ከአንድ በላይ ሳጥኖችን በውስጡ ይዞ ለውጭው ዓለም ግን አንድ ዋጋ ብቻ የሚያስረክበው «የተቀናጀ ክፍለ ቅጽ» ይባላል።

2. የድግግሞሹ ስፋት

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም ጋብቻ ተጋቢዎቹና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ምስክሮች ባሉበት እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ አንድ የጋብቻ ቅጽ የሁለት ተጋቢዎችን፣ የአራት ምስክሮችንና የመዝጋቢውን፣ በድምሩ የ7 ሰዎችን ስም ይይዛል። እያንዳንዱ ስም ሦስት ሳጥን ሲኖረው 21 ሳጥኖች ይሆናል። በዚህ ላይ የሁለቱ ተጋቢዎች የልደት ቀን፣ የጋብቻው ቀንና የምዝገባው ቀን ይጨመራሉ። እነዚህም ቀን፣ ወርና ዓመት እየተባሉ 12 ሳጥኖች ናቸው። የተጋቢዎቹ አድራሻ ብቻ ቢያዝ ሌላ 6 ሳጥን አለ።

ድምሩ 39 ሳጥን ነው። ገንቢው ሁሉንም በተናጠል ቢሠራ 39 ጊዜ ማሰሪያ፣ 39 ጊዜ ማረጋገጫ፣ 39 ጊዜ የስሕተት መልእክት ይጽፋል። ቅጹ ከስም፣ ከቀንና ከአድራሻ ክፍለ ቅጾች ቢገነባ ግን 13 አሃዶች ብቻ ይሰለፋሉ፤ ዓይነታቸውም ሦስት ነው። የልደት፣ የፍችና የሞት ቅጾች ሲጨመሩም አዲስ ዓይነት አይፈጠርም። የሚለወጠው አሰላለፉ ብቻ ነው።

3. ማዕቀፉና የቅጽ ሂደት ቅደም ተከተል

ዊኬት እ.ኤ.አ. በ2004 በጆናታን ሎክ የተጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ዋና ፕሮጀክት የሆነ የጃቫ ማዕቀፍ ነው። ለዚህ ጥናት የተመረጠው በሁለት ባሕርያቱ ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ክፍል የጃቫ ክላስና ተጓዳኝ የኤችቲኤምኤል ፋይል ያለው በመሆኑ ክፍሉን ከነገጽታው ማንቀሳቀስ ይቻላል። ሁለተኛ፣ የክፍሎች መለያ በወላጃቸው ሥር የሚነበብ ስለሆነ «ስም» የሚል መለያ ያለው ሳጥን በአንድ ገጽ ሰባት ጊዜ ቢደገም ግጭት አይፈጠርም።

የተቀናጀ ክፍለ ቅጽ በዊኬት «ፎርም ኮምፖነንት ፓነል» የተባለውን ክላስ በመውረስ ይሠራል። አሠራሩን ለመረዳት ቅጹ ሲላክ የሚሆነውን በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከብራውዘር የመጣውን ጽሑፍ ይይዛል፤ አስገዳጅ ከሆነም ባዶ አለመሆኑ ይታያል። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ወደሚፈለገው የጃቫ ዓይነት ይቀየራል። ሦስተኛ፣ በክፍሉ ላይ የተጨመሩት ማረጋገጫዎች ይሠራሉ። አራተኛ፣ የክፍሎቹ ፍተሻ ካበቃ በኋላ ብዙ ክፍሎችን በአንድነት የሚመለከቱ የቅጽ ማረጋገጫዎች ይከተላሉ። አምስተኛ፣ ሁሉም ከተሳካ ብቻ የተቀየሩት ዋጋዎች ወደ ሞዴሎቹ ይጻፋሉ፤ ከዚያ በኋላ የማስረከቢያው ሥራ ይጀመራል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። ማዕቀፉ የክፍሎችን ዛፍ የሚዘዋወረው ልጆችን አስቀድሞ ወላጅን አስከትሎ ነው። በመሆኑም የቀን ክፍለ ቅጹ ተራው ሲደርስ የቀን፣ የወርና የዓመት ሳጥኖቹ ተቀይረው ተፈትሸዋል። ሆኖም ሞዴሎቻቸው ገና አልታደሱም፤ ይህ የሚሆነው በአምስተኛው ደረጃ ነውና። ስለዚህ የተቀናጀው ክፍል «ኮንቨርት ኢንፑት» በተባለው ሜተድ ውስጥ የልጆቹን ዋጋ መውሰድ ያለበት በ«ጌት ኮንቨርትድ ኢንፑት» እንጂ በ«ጌት ሞዴል ኦብጀክት» አይደለም። በሁለተኛው የወሰደ ክፍል ተጠቃሚው አሁን የጻፈውን ትቶ ቀድሞ የነበረውን ዋጋ ያነባል። ይህ ስሕተት ባዶ ቅጽ ሲሞላ «ምንም አልተሞላም» የሚል መልእክት ስለሚያስከትል ቶሎ ይታወቃል። የተመዘገበ ሰነድ ሲታረም ግን ምንም መልእክት ሳይሰጥ እርማቱን ይውጠዋል። መዝጋቢው አስተካክያለሁ ብሎ ነዋሪውን ካሰናበተ በኋላ መዝገቡ ላይ የቀረው አሮጌው ቀን ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ገጹ ከመታየቱ በፊት በ«ኦን ቢፎር ሬንደር» የክፍሉ ዋጋ ተበትኖ ለልጆቹ ይታደላል። ማደልና መሰብሰብ ተገላቢጦሽ መሆናቸው የክፍለ ቅጹ የመጀመሪያ የትክክለኛነት መመዘኛ ነው። የታደለው ዋጋ ሳይነካ ቢመለስ ያው ዋጋ መገኘት አለበት።

4. ሦስቱ ክፍለ ቅጾች

4.1 ስም

ከውጭ የሚመጡ ዝግጁ ቅጾች ስምን «መጠሪያ» እና «የቤተሰብ ስም» ብለው ለሁለት ይከፍሉታል። በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ። አያትን በቤተሰብ ስም ቦታ ማስገባት አባትንና ልጅን በተለያየ «ቤተሰብ» ያስመዘግባል። ስለዚህ ክፍለ ቅጹ ሦስት ሳጥን ይዞ «ሙሉ ስም» የሚባል አንድ ኦብጀክት ያስረክባል። እስከ የትኛው ትውልድ መሞላት ግዴታ እንደሆነ ቅጹ ይወስናል፤ የአባቱ ስም ያልተገለጸለት ሕፃን ልደት እንዳይመዘገብ ክፍሉ ራሱ እንቅፋት መሆን የለበትም። «ወልደ ጊዮርጊስ» እና «ገብረ ማርያም» በሁለት ቃል ሊጻፉ ስለሚችሉም በአንድ ሳጥን ውስጥ ክፍተት ይፈቀዳል።

ከባዱ ጉዳይ የሞክሼ ሆሄያት ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቁምፊዎች ናቸው። በጃቫ ያለው የዩኒኮድ ማስተካከያ «ኖርማላይዘር» እነዚህን አያዋሕድም፤ የሥራ ድርሻው አይደለምና። መፍትሔው ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ማስቀመጥና ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተዋሐደ ቁልፍ ማዘጋጀት ነው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ የፊደል ቤት 8 ቦታ ስለሚይዝ ሐ-ን ወደ ሀ፣ ሑ-ን ወደ ሁ ማዛወር ቋሚ ቁጥር በመቀነስ ይፈጸማል። ይህ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ሆሄያት ብቻ የሚያገለግል ነው። ስምንተኛው ቦታ ከቤት ቤት ይለያያል፤ በጸ ቤት ጿ ሲገኝ በፀ ቤት ያለው ሌላ ሆሄ ነው። ስምንቱንም በጅምላ የሚያዛውር ፕሮግራም ሳይታወቅ ስም ያበላሻል። ከዚህ በተጨማሪ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በቁልፉ ውስጥ አንድ ይደረጋሉ። ቁልፉ በምስክር ወረቀት ላይ ፈጽሞ አይታተምም። ስሙን በ«ፀ» የጻፈ ሰው ምስክር ወረቀቱን በ«ጸ» ሊቀበል አይገባም።

4.2 ቀን

ከጃቫ 8 ጀምሮ ያለው የጊዜ ቤተ መጻሕፍት ከመደበኛው አቆጣጠር ሌላ የጃፓንን፣ የታይ ቡድሂስትን፣ የሚንጉኦንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዟል፤ የኢትዮጵያን ግን አልያዘም። ይህን «ስሪቴን ኤክስትራ» እና «አይሲዩ» የተባሉት ተጨማሪ ቤተ መጻሕፍት ያሟላሉ። ስሌቱ ራሱ አጭር ስለሆነ ክፍለ ቅጹ የሚሠራውን ለመረዳት እዚህ መጻፉ ይጠቅማል። ጃቫ ቀኖችን ከጥር 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቆጥራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጠ ቀን ወደዚያ ቁጥር የሚለወጠው እንዲህ ነው፦

የቀን ቁጥር = 365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ÷ 4) + 30 × (ወር − 1) + ቀን − 716368

ዓመት ለ4 ሲካፈል ቀሪው ይጣላል። ለምሳሌ ለመስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. 735475 + 504 + 0 + 1 − 716368 = 19612 ይሆናል፤ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው።

ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ስለዚህ «6» የሚለው ቁጥር ትክክል መሆን አለመሆኑን የቀን ሳጥኑ ብቻውን ሊያውቅ አይችልም፤ ወሩንና ዓመቱን ማየት አለበት። የተቀናጀ ክፍል ማስፈለጉ ከዚህ በላይ ግልጽ የሚሆንበት ቦታ የለም። ሦስት ነጻ ሳጥኖች እያንዳንዳቸው ትክክል ሆነው በአንድነት ግን የሌለ ቀን ሊያስረክቡ ይችላሉ።

ዓመትን ብቻ በመደመር የሚደረግ ለውጥም አይበቃም። ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ዲሴምበር 31 ቀን 2023 ሲሆን ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ በማግስቱ ታኅሣሥ 22 ቀን ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ይሆንና ልዩነቱ 8 ይሆናል።

ሌላው ጉዳይ ያልተሟላ ቀን ነው። በዕድሜ የገፉ ብዙ ሰዎች የተወለዱበትን ዓመት እንጂ ወሩንና ቀኑን አያውቁም። ክፍለ ቅጹ ሙሉ ቀን ካላገኘ አላልፍም ካለ መዝጋቢው መስከረም 1 ወይም ጥር 1 ብሎ ይሞላል። መዝገቡም ሰዎች ባልተወለዱበት ቀን ይጨናነቃል፤ እውነተኛውንና የተገመተውን በኋላ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ክፍሉ የሚያስረክበው ኦብጀክት ከቀኑ ጋር ምሉዕነቱን፣ ማለትም ሙሉ ቀን፣ ወርና ዓመት ወይም ዓመት ብቻ መሆኑን ይይዛል።

4.3 አድራሻ

የአድራሻ ክፍለ ቅጽ ክፍለ ከተማ ሲመረጥ የወረዳዎቹን ዝርዝር ያድሳል። ቀላል የሚመስለው ይህ ሥራ የሚበላሸው ዝርዝሩ በፕሮግራሙ ውስጥ ሲጻፍ ነው። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ተጨምሮ 11 ሆኑ። ከዚያ በፊት የነበረው «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» የተባለው አከፋፈል ደግሞ እስከ ዛሬ በብዙ ነዋሪዎች አሮጌ ሰነድ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ዝርዝሩ ከዳታቤዝ ይነበባል፤ እያንዳንዱ አሃድም የጀመረበትና ያበቃበት ቀን ይኖረዋል። የ1985 ዓ.ም. ልደት ሲመዘገብ በወቅቱ የነበረው ቀበሌ፣ የዛሬ መኖሪያ ሲጠየቅ የዛሬው ወረዳ ይቀርባል።

ዊኬት የገጹን ሁኔታ በሰርቨር ላይ የሚያስቀምጥ ማዕቀፍ በመሆኑ የወረዳዎቹ ዝርዝር ከገጹ ጋር እንዳይቀመጥ «ሎደብል ዲታቸብል ሞዴል» መጠቀም ያስፈልጋል። ይህ ሞዴል ዝርዝሩን በጥያቄው ጊዜ አንብቦ ጥያቄው ሲያበቃ ይለቀዋል።

5. ክፍለ ቅጹ ማወቅ የማይገባው

አንድ ክፍለ ቅጽ በብዙ ቦታ እንዲያገለግል ከተፈለገ በሁሉም ቦታ እውነት የሆነውን ብቻ ማወቅ አለበት። ጳጉሜን 7 ቀን የላትም፤ ይህ በልደትም በሞትም ቅጽ እውነት ነው። «ተጋቢ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት» የሚለው ግን የጋብቻ ሕግ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ራሱ በአንቀጽ 7 የፍትሕ ሚኒስትሩ በልዩ ሁኔታ ከሁለት ዓመት ያልበለጠ ማቅለያ ሊፈቅድ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን ደንብ በቀን ክፍሉ ውስጥ የጻፈ ገንቢ የልደት ቅጹን ለሕፃናት ይዘጋዋል፤ ልዩ ፈቃድ ያለውንም ተጋቢ የሚያስተናግድበት መንገድ አይኖረውም። ደንቡ ቦታው በአራተኛው ደረጃ፣ በቅጽ ማረጋገጫ ውስጥ ነው። እዚያ የልደት ቀን፣ የጋብቻ ቀንና የፈቃድ ሰነድ በአንድነት ይታያሉ።

ዕድሜ ሲሰላ የትኛው አቆጣጠር እንደተወሰደም በግልጽ መጻፍ አለበት። መስከረም 1 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደች ሴት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2005 ተወለደች ማለት ነው። ጋብቻዋ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢሆን፣ ይኸውም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። የጃቫው «ፔሪየድ» በጎርጎርዮስ ቆጥሮ 18 ዓመት ሞልቷታል ይላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን 18 ዓመት የሚሞላት በማግስቱ፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ልዩነቱ የአንድ ቀን ቢሆንም የአንድን ጋብቻ ሕጋዊነት ጥያቄ ውስጥ ሊከት ይችላል። በዚህ ንድፍ ዕድሜ የሚሰላው ቀኑ በተመዘገበበት አቆጣጠር፣ ዓመትን፣ ወርንና ቀንን በማነጻጸር ነው። ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ በሆነችበት ዓመት ዕድሜው በመስከረም 1 ይሞላል።

የስልክ ቁጥርም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ለብዙ ዓመታት የሞባይል ቁጥር ሁሉ በ09 ይጀምር ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ። ማረጋገጫውን በየቅጹ የበተነ ሥርዓት እያንዳንዱን ቅጽ መፈለግ ነበረበት። አንድ የስልክ ክፍለ ቅጽ ያለው ሥርዓት ግን አንድ መስመር ለውጦ ያበቃል።

6. አፈታተሽ

ዊኬት ያለ ብራውዘርና ያለ ሰርቨር ገጽን የሚፈትሹ «ዊኬት ቴስተር» እና «ፎርም ቴስተር» የተባሉ መሣሪያዎች አሉት። ለእያንዳንዱ ክፍለ ቅጽ ሦስት ዓይነት ፍተሻ ይመከራል። የመጀመሪያው የተገላቢጦሽ ፍተሻ ነው፤ ዋጋ ተሰጥቶ፣ ሳይነካ ተልኮ፣ ያው መመለሱ ይታያል። ሁለተኛው የድንበር ፍተሻ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ማለፍ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2014 መውደቅ፣ ታኅሣሥ 21 እና 22 ቀን 2016 በተለያዩ የጎርጎርዮስ ዓመታት ማረፍ አለባቸው። ሦስተኛው የእርማት ፍተሻ ነው፤ ቀድሞ ዋጋ የነበረው ክፍል በአዲስ ግቤት ሲላክ አዲሱን ማስረከቡ ይረጋገጣል። በክፍል 3 የተገለጸውን ድምፅ አልባ ስሕተት የሚይዘው ይህ ሦስተኛው ነው፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እርሱ ነው።

የፍተሻ መረጃዎቹ በሙሉ ለዚሁ የተፈጠሩ ስሞች መሆን አለባቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ከእውነተኛ መዝገብ የተገለበጠ የነዋሪ መረጃን ለሙከራ ማዋል ሙያዊ ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ ጥያቄም ነው።

7. ንጽጽርና ውሱንነት

ንድፉ ለዊኬት ብቻ የተገደበ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የጃቫ ሰርቨር ፌስስ 2.0 የተቀናጁ ክፍሎችን ያለ ብዙ ኮድ ለመሥራት አስችሏል፤ በቫዲንም «ከስተም ፊልድ» የተባለው ክላስ ዋጋን የመሰብሰብና የማደል ሁለት ሜተዶችን ይጠይቃል። ስማቸው ይለያይ እንጂ በሦስቱም ገንቢው የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ የልጆቹ ዋጋ ወደ አንድ መቼ ይሰበሰባል? መቼስ ይበተናል?

የቀረበው ንድፍ ለጥናት የተዘጋጀ እንጂ በሥራ ላይ ካለ ከማንኛውም የምዝገባ ሥርዓት ጋር የተያያዘ አይደለም። በዝግታ መስመር ላይ ያለው ፍጥነትም አልተለካም። ከአማርኛ ውጭ ባሉ ቋንቋዎች፣ በተለይ በላቲን ፊደል የሚጻፉ የአፋን ኦሮሞ ስሞች የሚፈልጉት የፍለጋ ቁልፍ ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል።

8. ማጠቃለያ

ክፍለ ቅጽን አንድ ጊዜ ሠርቶ ደጋግሞ መጠቀም የኮድ መስመርን ይቀንሳል፤ በሕዝብ አገልግሎት ግን ዋናው ጥቅሙ አንድ ሰው በሁሉም መዝገብ አንድ ሆኖ እንዲገኝ ማድረጉ ነው። ለዚህም አራት ነጥቦች ይመከራሉ። የተቀናጀ ክፍል የልጆቹን የተቀየረ ግቤት እንጂ ሞዴላቸውን አያንብብ። ስም እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ ፍለጋው በተለየ ቁልፍ ይሁን። ቀን ከነምሉዕነቱና ከነአቆጣጠሩ ይያዝ። የአንድ ጉዳይ ሕግ በቅጹ፣ በሁሉም ቦታ እውነት የሆነው በክፍሉ ውስጥ ይጻፍ። በዚህ ርዕስ ለመቀጠል ለሚሹ ተመራማሪዎች ቀጣዩ ሥራ እነዚህን ክፍሎች በጋራ ቤተ መጻሕፍት መልክ አዘጋጅቶ፣ በተለያዩ ተቋማት የሚሠሩ ገንቢዎች እንዲፈትሹትና እንዲያርሙት ክፍት ማድረግ ነው።